ጫግኒን የሠሩ እጆች

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ በአጭር ርቀት ውስጥ አገር ይለውጣል። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጉም የምትከናነብ የደጋ ከተማ ናት። ጫግኒ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከላይኛው አገር ጋቢ ደርቦ የወጣ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የማንጎ ጥላ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የመተከል ቆላ ነው። ቀርከሃው እንኳ ይለያል፤ ከእንጅባራ ዙሪያ፣ ከባንጃ በኩል የሚመጣው የደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን ከመተከል በኩል የሚመጣው የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ነው። በኢትዮጵያ ምድር በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዓይነቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጫግኒ ገበያ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተደግፈው ገዢ ይጠብቁ ነበር።

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ማን ገዛት፣ ማን ተሾመባት የሚለው ነው። የጫግኒም እንዲሁ ሊጻፍ ይችላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የመተከል አውራጃ መቀመጫ ነበረች። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አብዛኛው መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲካለል እርሷ በአማራ ክልል በአዊ ዞን ቀረች። ይህ ሁሉ መታወቅ ያለበት ነው። እኔ ግን ጫግኒን ሳስብ በዓይኔ የሚመጡት ሹማምንቱ አይደሉም። ኮርቻ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በሲንጀር መኪና የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከተማዋን ከተማ ያደረጓት እነሱ ናቸው። ሥራቸው በየቤቱ ገብቷል፣ ስማቸው ግን በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

ከኮርቻ ልጀምር፤ የአዊ አገው ሰው ነገር ያለ ፈረስ አይጀመርምና። በአገው ምድር ፈረስ መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ በጉግስ ሜዳ የባለቤቱን ስም ያስጠራል። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንጅባራ ላይ ያከብራል። በዓሉ ፈረስ በዓድዋ ለሠራው ውለታ ምስጋና ነው። በዚያ ቀን በሺህ የሚቆጠር ፈረስ አጊጦ ሲወጣ የሚያይ ሰው የሚያደንቀው ፈረሱንና ፈረሰኛውን ነው። ከሁለቱ መካከል ያለውን ነገር የሚያስበው ጥቂት ነው፤ እርሱም ኮርቻው ነው።

በልጅነቴ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ እንጨቱን ይጠርባል፤ የፊቱንና የኋላውን ቅስት አስተካክሎ በጎንና በጎን ሁለት ሳንቃ ያጋጥማል። ከዚያ እርጥብ ቆዳ ያለብሰውና በጠፍር ወጥሮ ይሰፋዋል። ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። የእጅ ባለሙያው ዕውቀት ያለው እዚያ ላይ ነበር፤ ቆዳው ምን ያህል እንደሚሸሽ፣ ስፌቱ የት ላይ እንደሚጠብቅና የት ላይ እንደሚላላ ገና እርጥብ ሳለ ማወቅ አለበት። ፈረሱን በዓይኑ ሳያይ፣ ጀርባውን በእጁ ሳይዳብስ ሥራ አይቀበልም ነበር፤ ያልተለካ ኮርቻ ፈረሱን እንደሚያቆስልና የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ባለቤቱን በሰው ፊት እንደሚያሳፍር ይናገር ነበር። ግላሱ ላይ የሚጠለፈው ጌጥ፣ ልጓሙ ላይ የሚንጠለጠለው ዘለበት፣ የባላገሩ ፈረሰኛ በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባባት ትንሿ እርካብ ሁሉ ከቆዳና ከብረት ሠሪዎች መንደር ይወጡ ነበር።

አገው ከሌላው አገር ጋር የተሳሰረው በንግድ ነው፤ ነገሩም የቆየ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የዓባይን ምንጭ ሊያይ ወደ ሰከላ በመጣ ጊዜ ስለ አገው ሰዎች የጻፈውን ሳነብ ልቤን የነካው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ጎንደርን የሚመግቧት አገዎች ናቸው ይላል፤ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ቆዳና ሰም ይዘው በሺህ እየሆኑ በተራ ይጓዛሉ። ታዲያ በዚያ ረጅም መንገድ ቅቤው በፀሐይ እንዳይቀልጥና እንዳይበላሽ መቅመቆ የሚባለውን ቢጫ ሥር ቀጥቅጠው ይቀላቅሉበት እንደነበር መዝግቧል። ከ250 ዓመት በፊት የነበረች የአንዲት አገው እናት ዘዴ ናት ይህች። ስሟን የጻፈው የለም፤ ቅቤዋ ግን ጎንደር ድረስ ሳይበላሽ ገብቷል። በእኛ ጊዜ መቅመቆን የምናውቀው ለመድኃኒትነቱ ነበር፤ እናቶቻችን ከቅቤ ጋር ያለውን ዝምድና ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። ዕውቀት እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ ማንም ሳይቀማን፣ ድምፅ ሳያሰማ።

ጫግኒ የዚህ ንግድ የቆላ በር ነበረች። ከደጋ ፈረስና በቅሎ፣ ጨው፣ የብረት ዕቃ ይወርዳል፤ ከቆላ ጥጥ፣ ማር፣ ወርቅ ይወጣል። መገበያያው አሞሌ ጨውና ጠገራ የሚባለው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር። ያ ብር 1780 የሚል የአውሮፓ ዓመት ተጽፎበት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ያው ዓመት እየታተመበት የወጣ ነው። አሮጌ ነጋዴዎች ሲቀበሉት አገላብጠው ያዩት፣ በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍራቸው እየዳበሱ ነጥቦቹን ይቆጥሩ፣ ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያዳምጡ እንደነበር አያቶቻችን ያወጉን ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጥቶ ጠገራው ከገበያ ሲወጣ ብሩ አልጠፋም፤ ወደ አንጥረኛው እሳት ገባ። መስቀል ሆነ፣ ድሪ ሆነ፣ አምባርና አልቦ ሆነ። ዛሬ በጫግኒ አንዲት አሮጊት አንገት ላይ ያለው መስቀል ከቪየና ተነሥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በበቅሎ ጀርባ ጎጃም ገብቶ፣ ስንት እጅ ዞሮ ማር ገዝቶ የነበረ ብር ሊሆን ይችላል። አንጥረኛው አቅልጦ አዲስ መልክ ሰጠው፤ ታሪኩ ግን ውስጡ አለ።

ከቆላ የሚመጡትን ሳስብ የጉሙዝ ሴቶች ይታዩኛል። አንድ ጠንካራ እንጨት በትከሻቸው አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ሸክማቸውን አንጠልጥለው፣ ሚዛኑ ሳይዛባ ረጅም መንገድ ተጉዘው ይገቡ ነበር። እኛ ልጆች ያቺን አረማመድ ለመምሰል ሞክረን በቅል የያዝነውን ውኃ ስናፈስስ እንውል ነበር። የሚያመጡት ጥጥ ቀጥሎ የሚሄደው ወደ ከተማው ሴቶች ነው። ፍሬው በመዳመጫ ይለቀቃል፤ ጥጡ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ወደ ልቃቂት ይጠቀለላል። ማታ ማታ እንዝርቱ ሲሽከረከር የሚሰማው ድምፅ የአንድ ትውልድ እናቶች ወግ አጃቢ ነበር።

ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳል። ማጉ ባለፈ ቁጥር መትቶ ያጠብቃል። በዚያች ጠባብ ቤት የሚወለደው ጋቢ ደግሞ እንጅባራ ላይ ጉምን መክቶ ያሳድራል። በቆላ የበቀለ ጥጥ የደጋን ሰው ያሞቃል፤ ጉሙዝ ያመረተውን ጥጥ የአገው ወይም የአማራ እናት ፈትላ፣ ሸማኔ ሸምኖ፣ ፈረሰኛ ይለብሰዋል። የጫግኒን ታሪክ በአንድ ዕቃ አሳይ ብባል ያን ጋቢ እሰጥ ነበር፤ እዚያ ላይ ስንት ሕዝብ አብሮ እንደ ኖረ ክር በክር ይታያልና።

የብረት ሠሪው ነገር ያሳዝነኛል፤ ያኮራኛልም። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ዶማ፣ ቢላዋ ከእጁ ያልወጣ ዕቃ አልነበረም። ከፍየል ቆዳ የተሠራውን ወናፍ ረዳቱ ሲነፋ፣ ከሰሉ ሲፋፋም፣ ብረቱ ቀልቶ በጉጠት ሲወጣ ልጆች ሁሉ ዙሪያውን እንቆም ነበር። መኪና ከመጣ በኋላ ብረቱን የሚያገኘው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ሆነ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ትሬንታ ኳትሮና ከዚያ በኋላ የመጣው ኤን ትሬ ሲያረጁ ማረሻ ሆነው መሬት ገቡ። ገበሬው ግን ማረሻውን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ቡዳ ነው ብሎ ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ወጣ፣ የሰው ልብ ግን ቶሎ አልተለወጠም። በጫግኒ ገበያ ዳር ተቀምጠው የዋሉት፣ በሠሩት ዕቃ የተጋባንባቸው፣ ያረስንባቸው፣ የበላንባቸው ሰዎች በእኛ አንደበት ተጎድተዋል። ትዝታዬ ጣፋጭ ነው፤ ይህን ካላነሣሁ ግን ጣፋጭነቱ የሐሰት ይሆናል።

ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትፈጨዋለች፣ ራሷ ታቦካዋለች። ጋን ለጠላ፣ እንስራ ለውኃ፣ ምጣድ ለእንጀራ፣ ጀበና ለቡና፤ የጫግኒ ቤት ሙሉ ሥራዋ ነበር። እንስራ ያዘለች ልጃገረድ ወደ ምንጭ ስትወርድና ስትመለስ ማየት የከተማው የዘወትር መልክ ነበር። ከዚያ ቢጫው የዘይት ጀሪካን መጣ። አይሰበርም፣ ቀላል ነው፣ ርካሽም ነው፤ የልጃገረዶቹን ወገብ ካዳነ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እንስራ ሠሪዋ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበያዋ ተዘጋባት። ዛሬ ከእጇ የሚፈለገው በዋናነት ጀበናና ምጣድ ነው፤ ምጣዱንም የኤሌክትሪኩ እየተካው ነው።

ልብስ ሰፊው ደግሞ የዘመናዊነት በር ከፋች ነበር። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር መኪና በሱቅ በረንዳ ላይ ሲንተረተር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ያጠለቀው ሰፊ በአንድ ዓይኑ ሥራውን፣ በሌላው መንገደኛውን ያያል። የከተማው ወሬ የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው። አቡጀዲና ካኪ ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች ተፈሪ ሱሪ ያሰፉ ነበር፤ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ልጆች ሁሉ የአዲስ ልብስ ልክ ለመስጠት ተሰልፈን እንቆማለን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቁን አበዛለትና ሰፊው ሥራ በዛበት፤ ሸማኔው ግን በዚያው ልክ ገበያው ቀዘቀዘ። ቆይቶ ሰልባጅ ልብስ በቦንዳ ሲገባ ሰፊውም በተራው ተረታ። መኪናው ዛሬ አለ፤ ሥራው ግን ከመስፋት ይልቅ ማጥበብና ማሳጠር ሆኗል።

ጫግኒን ከሁሉ ይበልጥ የለወጣት መንገድ ነው። በ1977ቱ ድርቅ የተጎዱ ቤተሰቦች ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋና ከደቡብ እየተነሡ በመተከል ጣና በለስ ሲሰፍሩ፣ ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ ከባድ መኪናዎቹን አሰልፎ ወደ ሰፈራው፣ ወደ ፓዌ ሲያልፍ የጫግኒ መንገድ ሌሊትና ቀን አልተኛም። የሰፋሪው ቁጥር 80 ሺህ ገደማ ነበር። ሾፌሮች፣ መካኒኮች፣ ምግብ ቤት ከፋች እናቶች፣ ነዳጅ ሻጮች አዲሶቹ የከተማው ባለሙያዎች ሆኑ። የበቅሎ ቅፍለቱ በዚያ ዘመን አበቃ፤ ወዴላና መጫኛ የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን የሚቀበል አጡ። ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ወደ ጉባ፣ ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚወርዱ ሠራተኞችና ጎብኚዎች በጫግኒ በኩል አለፉ። የብሩስ ዘመን አገዎች ቅቤ ጭነው ወደ ጎንደር በወጡበት አገር ብረትና ሲሚንቶ ወደ ዓባይ ወረደ። ይህ ደስታ እንጂ ኀዘን አይደለም፤ መንገድ ያላት ከተማ ዕድለኛ ናት። መንገዱ የወሰደውን ማስታወስ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

መንገዱ ያመጣው ሁሉ ግን መልካም አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. በመተከል በደረሰው እልቂት ቤታቸውን ጥለው የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጫግኒ ተጠለሉ፤ ራንች የሚባለው የከብት እርባታ ቦታ የሰው መጠለያ ሆነ። የከተማው ሰው እንጀራውን አካፈለ። በዚያ ወራት ደጋግሜ ያሰብኩት ያንን ጋቢ ነው። ጥጡን አምራቹ፣ ፈታይዋ፣ ሸማኔውና ለባሹ በአንድ ገበያ ተገናኝተው ሲጨዋወቱ ያየሁት በሕልም አልነበረም። በዘራቸው የተለያዩ ሰዎች በሥራቸው አንዱ ለሌላው ያስፈልጉ ነበር። ያ መፈላለግ ሲሳሳ፣ ሁሉም ዕቃ ከሩቅ ፋብሪካ ሲመጣ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኘው ገመድ አንዱ ላላ። የእጅ ሥራ መጥፋት የኢኮኖሚ ጉዳይ ብቻ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ዋልሶል የምትባል ከተማ አለች። የቆየ ሙያዋ ኮርቻና ልጓም መሥራት ነው፤ የእግር ኳስ ክለቧ እንኳ በቅጽል ስሙ «ኮርቻ ሠሪዎቹ» ተብሎ ይጠራል። ፈረስ በመኪና ሲተካ የዋልሶል ሰዎች መሣሪያቸውን አልጣሉም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 አንድ አሮጌ የቆዳ ፋብሪካ የቆዳ ሥራ ሙዚየም አደረጉት። ጎብኚው ወረንጦውን፣ ወስፌውን፣ የቆዳ መቁረጫውን ያያል፤ ኮርቻ እንዴት እንደሚሰፋ ከባለሙያ እጅ ይማራል። በዚያ ከተማ የሚወለድ ልጅ ቅድመ አያቱ ቆዳ ሠሪ እንደነበር በኩራት ይናገራል። የእኛም አገር ይህን ማድረግ ይችላል፤ አድርጓልም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የገበሬውን፣ የሸክላ ሠሪዋንና የአዝማሪውን ዕቃ ከንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አኑሯል። ዋንጫና ማሲንቆ ከዘውድ እኩል ክብር ሊያገኙ እንደሚችሉ ያሳየን እርሱ ነው።

ዋልሶል ያደረገችውን ጫግኒ የማታደርግበት ምክንያት አይታየኝም። የአዊ ኮርቻ ከዋልሶል ኮርቻ አያንስም። ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በከተማው አዳራሽ አንዲት ክፍል ትበቃለች። ዕቃው በየቤቱ አለ፤ ቆጥ ላይ አይጥ የሚበላው ኮርቻ፣ ጓዳ የተረሳ ደጋን፣ ለእንጨት መቁረጫ የተረፈ አሮጌ ምሳር፣ ክር የሌለው መወርወሪያ። የከበደው ዕቃውን ማግኘት አይደለም፤ ከዕቃው ጋር የሚጻፈውን ማግኘት ነው። ማን ሠራው? ሙያውን ከማን ተማረ? ቆዳውን ከየት አመጣ? ለማን ሸጠው? ዋጋው ምን ነበር? ይህን የሚመልሱ ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ የባለሙያ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ የአባታቸውን ሙያ ለመናገር አሁንም ያፍራሉ፤ ስድቡ አልወጣላቸውምና። ስማቸው በክብር ተጽፎ ከዕቃው ጎን ሲሰቀል ግን ያ እፍረት ወደ ኩራት ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። አፄ ምኒልክ በአዋጅ የጀመሩትን አንድ የከተማ ክፍል በጽሑፍ ሊጨርሰው ይችላል።

ስለዚህ የጫግኒ ልጅ የሆንክ ሁሉ፣ የትም ብትኖር፣ ለበዓል አገርህ ስትገባ ዶሮና በግ ብቻ አትያዝ፤ ደብተርና እስክርቢቶም ያዝ። አባባን ወይም እማማን ቁጭ አድርገህ ጠይቃቸው። በአገውኛው በአውንጂ የሚነግሩህን በአውንጂ ጻፍ፣ በአማርኛ የሚነግሩህን በአማርኛ ጻፍ፤ የዕቃውን ክፍሎች ሁሉ ስም አስጠራቸው፣ ስሙ ከጠፋ አሠራሩም አብሮ ይጠፋልና። የጉሙዝና የሺናሻ ጎረቤቶቻችንንም አትርሳ፤ የጫግኒ ገበያ ታሪክ ያለ እነሱ ጎደሎ ነው። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው የቤት ሥራ አድርገው ቢሰጡ በአንድ የትምህርት ዓመት የከተማዋ መዝገብ ግማሹ ይሞላል። ሹማምንቱን የሚጽፍላቸው አላጡም፤ ኮርቻ ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን የምንጽፋቸው ግን እኛ፣ በሠሩት ዕቃ ያደግነው ልጆቻቸው ነን።